አያ ያርጋልና አየርላንዳዊቷ ተዋናይት

ደብር የሌለው ከተማ አለ ቢሉኝ ላምን እችላለሁ። መብራት የማይጠፋበት ከተማም ይኖር ይሆናል፤ ዓለም ሰፊ ናት። «እሷን እኮ በደንብ ነው የማውቃት» የሚል ሰው የሌለበት ከተማ ግን የለም። አንገቴን ለካራ!

ይህን ሰው ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አንዱ ከዝነኛው ኳስ ተጫዋች ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ ተምሯል። ሌላው ዘፋኙን በልጅነቱ በድንጋይ ፈንክቶታል፤ ዛሬ ዘፋኙ በቴሌቪዥን በወጣ ቁጥር ጣቱን ቀስሮ «ያቺ ግንባሩ ላይ ያለችው ጠባሳ የኔ ናት» እያለ ይኮራል። ለደባርቅ የደረሷት ደግሞ አያ ያርጋል ናቸው። እሳቸው የሚያውቁት ግን ኳስ ተጫዋችም ዘፋኝም አይደለም። ኑላ ማክጎሪ የምትባል የአየርላንድ የፊልምና የቴሌቪዥን ተዋናይት ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአሥራ ሰባት ዓመት በፊት የፊልም ሰዎች ካሜራቸውን አስጭነው የሰሜን ተራሮች ላይ ወዳለው ጨነቅ ወጡ። የሚቀርጹት የጠፋ ባሏን ፍለጋ ተራራ ለተራራ የምትንከራተት ሴት ታሪክ ነበር። ሴትዮዋን ሆና የምትሠራው ኑላ ነበረች፤ የተቀመጠችባት በቅሎ ደግሞ የበቅሎ አከራዩ የአያ ያርጋል። ዘጠኝ ቀን ሙሉ እሳቸው ልጓሙን ይዘው ከፊት፣ እሷ ኮርቻ ላይ ሆና ከኋላ፣ በገደሉ አፋፍ ሲመላለሱ ሰነበቱ። በአሥረኛው ቀን ኑላ ወደ አገሯ ተመለሰች። አያ ያርጋል ግን እነሆ እስከ ዛሬ ድረስ ከዚያ አልወረዱም።

የኔ ፎቶ ኮፒ ቤት ከረህማ ሻይ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። ስለዚህ የኑላን ታሪክ የተማርኩት ወድጄ አይደለም፤ በግድግዳ ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አያ ያርጋል ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ያስቀምጣሉ፤ ሻያቸውን ያማስላሉ፤ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ከዚያም ቅዳሴ እንደሚጀምር ሰው ድምፃቸውን አርግተው «እንግዲህ ኑላ…» ይላሉ።

ማንም አልጠየቃቸውም። ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። አንዱ ስለ ማዳበሪያ ሲያወራ «ማዳበሪያ ካልክ አይቀር፣ የኑላ አጎት…» ብለው ይገባሉ። የጥርስ ሕመም ከተነሣ ኑላም ጥርሷን ታማ ታውቃለች። አንድ ቀን ሆን ብዬ፣ ከኑላ ጋር በምንም መንገድ የማይገናኝ ወሬ ፈልጌ፣ ስለ ጅብ አነሣሁ። አያ ያርጋል ሻያቸውን አማሰሉ። አሸነፍኩ ብዬ ብርጭቆዬን ላነሣ ስል፣ «አየርላንድ ጅብ የለም» አሉ። «ለዚህ ነው ኑላ ጨነቅ ላይ የመጀመሪያውን ጅብ ስትሰማ…» ግማሽ ሰዓት ሄደ።

የኑላ ሕይወት በአያ ያርጋል አንደበት ይህን ይመስላል። የተወለደችው ባሕር ዳር ነው፤ የኛው ባሕር ዳር ሳይሆን የራሷ አገር ባሕር ዳር። አባቷ ሥጋ ሻጭ፣ እናቷ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሰባት እህቶች አሏት፤ ሰባቱም መልከ መልካም፣ ሰባቱም ቁጡ። በስድስት ዓመቷ በገና በዓል፣ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ በተሠራ ተውኔት፣ በግ ሆና ወጣች። ሌሎቹ ልጆች መልአክና እረኛ ነበሩ፤ ሕዝቡ ያጨበጨበው ግን ለበጓ ነው። «እስከ ዛሬ በዚያ አገር እንደሷ ያለ በግ አልታየም» ይላሉ አያ ያርጋል፣ ከፊተኛው ወንበር ተቀምጠው እንዳዩ ሁሉ።

«አየርላንድ ማለት» ይላሉ ደግሞ፣ «ደባርቅ ናት፤ ባሕር ጨምርበት። ዝናቡ ያው፣ ጉሙ ያው፣ ገብሱ ያው፣ ድንቹ ያው። ሰዉም እንደኛው ነው፤ ይኮራል፣ ይዘፍናል፣ ይጣላል፣ ይታረቃል።»

እንግሊዝ ናት ያላቸው ሰው ግን አለቀለት። አንድ ሠርግ ላይ አንድ ሽማግሌ በየዋህነት «ያቺ እንግሊዛዊት እንዴት ናት?» ቢሏቸው፣ አያ ያርጋል የጠቀለሉትን ጉርሻ ቁጭ አድርገው ተነሡ። ሙሽራው ራሱ ሱፉን እንደለበሰ ጭቃ ላይ ተከትሎ ለመናቸው። «አየርላንድ ናት ይበሉና እመለሳለሁ» አሉት። ሽማግሌው በሕዝብ ፊት ቆመው «አየርላንድ ናት» ካሉ በኋላ ነው ሠርጉ የቀጠለው።

የበቅሎዋ ነገርም አለ። ኑላ ገደሉን ስታይ ፍርሃቷን ለማብረድ በአገሯ ቋንቋ ታንጎራጉር ነበር አሉ። ዘጠኝ ቀን ሲዘፈንላት የሰነበተች በቅሎ ከዚያ ወዲያ ዘፈን ካልሰማች ዳገት አልወጣም አለች። አያ ያርጋል ምን ያድርጉ? ዘፈኑን ተማሩት። ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ እግዜር ይወቀው፤ እሳቸው ግን አንዲት ፊደል ሳይጥሉ ያወርዱታል። በኋላ በቅሎዋን ለአንድ የዳባት ገበሬ ሸጡለት። በሳምንቱ ሰውየው እየጎተታት መጣ።

«አያ፣ በቅሎዎ ታማለች። ዳገት ስታይ ቀጥ ትላለች።»

«አልታመመችም። ዝፈንላት።»

«ምን ብዬ?»

ሦስት ቀን ቤታቸው አሳድረው አስተማሩት። ዛሬም ዳባት አካባቢ በገበያ ቀን ማልዳችሁ ብትወጡ፣ ገብስ የተጫነች በቅሎ ይዞ በአየርላንድኛ እያንጎራጎረ ዳገት የሚወጣ ገበሬ ታገኛላችሁ። ምን እንደሚል ብትጠይቁት «የበቅሎ ነው» ይላችኋል።

ወደ ሥራዋ ስንመጣ፣ የኑላ ትልቁ ሥራ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ነው፤ ጨነቅ ስትመጣ ጀምራው ነበር፤ የቀረውን አያ ያርጋል ከሚያገኟቸው ቱሪስቶች ለቃቅመዋል። አሥራ አንድ ዓመት የመሸታ ቤት ባለቤት ሆና ሠርታለች። ይህን የሰሙ ዕለት የቅኔ መምህራችን መርጌታ ሀብተ ሚካኤል ሻያቸውን አስቀመጡ።

«አሥራ አንድ ዓመት መሸታ ቤት?»

«በትወና ነው እኮ መርጌታ።»

«በትወናስ ቢሆን! አሥራ አንድ ዓመት የሠሩት ነገር ልማድ አይሆንም?»

«የሚቀዳው ውሃ ነው፤ እሷው ናት የነገረችኝ።»

መርጌታ ጥቂት አሰቡና «እንግዲያማ ሰው ታታልላለች ማለት ነው፤ ይኼ ይብሳል» አሉ። ይህ ክርክር ሁለት አጽዋማት ፈጀ።

አያ ያርጋልን በከተማው ፊት ያሳጣቸው ግን የለቅሶው ጉዳይ ነው። ከስምንት ዓመት በፊት ተራራው ላይ፣ ቡይት ራስ፣ አንዲት ሸምገል ያለች አየርላንዳዊት ቱሪስት አገኙ። በበቅሎ አከራይ እንግሊዝኛቸው ስለ ኑላ ጠየቋት። ሴትዮዋ ፊቷ ጠቆረና «ሞተች፤ በእሳት ተቃጥላ» አለቻቸው። አያ ያርጋል ከቡይት ራስ እስከ ደባርቅ እያለቀሱ ወረዱ። ራሳቸውን ተላጩ። ጡሩምባ ተነፋ፤ እድሩ ድንኳን ተከለ። ኑላን በዐይኑ ያላየ ሕዝብ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣ። አልቃሿ ሳትቀር «ከባሕር ማዶ መጥታ ገደል ያልፈራች» ብላ ሙሾ አወረደችላት፤ ሰው ተንሰቀሰቀ። በሦስተኛው ቀን የሴትዮዋ አስጎብኚ ከተራራ ወርዶ ድንኳኑን አየና ማን እንደሞተ ጠየቀ። ሲነግሩት ራሱን ያዘ።

የሞተችው ድራማው ላይ ነው። የተቃጠለውም መሸታ ቤቱ ነው። ኑላ አገሯ ላይ በሕይወት አለች።

የእድሩ ሊቀ መንበር ድንኳኑን እያስነቀለ «ለወደፊቱ የቴሌቪዥን ሞት በመተዳደሪያ ደንባችን አይሸፈንም» አለ። ቃለ ጉባኤው ላይ ሰፍሯል። ፎቶ ኮፒውን ያነሣሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ሰው ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን «ያውቋታል፣ ያጋንናሉ እንጂ» ይላል። ሁለተኛው ወገን «ሞቷ የውሸት ከሆነ ሴትዮዋም የውሸት ናት፤ ከነአካቴው የለችም» ባይ ነው። እኔ ከሁለተኛው ወገን ነበርኩ፤ የተማረ ሰው ነኛ።

ባለፈው ጥቅምት፣ ቱሪስት ብርቅ በሆነበት በዚህ ጊዜ፣ ፍቅረ ሥላሴ የሚባለው ወጣት አስጎብኚ አራት ሰዎች ይዞ ደባርቅ ገባ። አየርላንዳውያን ናቸው ተባለ። አያ ያርጋል ይህን ሲሰሙ ለጥምቀት ብቻ የሚለብሱትን ኮት ለብሰው፣ ጢማቸውን አስተካክለው መጡ። ፍቅረ ሥላሴን እጁን ይዘው «ወደ ረህማ ቤት አምጣልኝ፤ ከተራራው በፊት» አሉት። ወሬው ተሰማና ሻይ ቤቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። መርጌታም ትምህርት ፈትተው መጡ።

አራቱ ወጣቶች ቀይ ቀይ ፊታቸውን ይዘው ተቀመጡ። አያ ያርጋል ከፊታቸው ቆሙ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ እንደ አገር አምባሳደር ጎንበስ ብለው፣ «ኑላ ማክጎሪ!» አሉ።

ወጣቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው ስሙን እንዲደግሙለት ጠየቀ። ደገሙለት። እንደገና ተያዩ።

ፍቅረ ሥላሴ ጥሩ ልጅ ነው። አንድ ጉድለት ብቻ አለበት፤ ሲያስተረጉም አይዋሽም። «አናውቃትም ይላሉ» አለ።

«ሁሉም?»

«አራቱም።»

«ተዋናይቷን በላቸው። አሥራ አንድ ዓመት!»

ፍቅረ ሥላሴ ነገራቸው። አንዷ ልጅ ለመርዳት ብላ አንድ ነገር ተናገረች። «ምናልባት የአየር ጠባይ የምታነበው ሴት ትሆን እንዴ? ትላለች።» ሌላው ትከሻውን ነቀነቀ። «ምናልባት የቅቤ ማስታወቂያ ላይ አይቻት ይሆናል፤ ግን እርግጠኛ አይደለሁም፤ ላምም ልትሆን ትችላለች ይላል።»

ሰው መሳቅ ጀመረ። እዚያ ላይ ዝም ብል ኖሮ ምን ነበረበት? ግን የተማረ ሰው ነኝ አልኳችሁ። ከጥግ ሆኜ ድምፄን ከፍ አድርጌ «አያ፣ ከነአካቴው እርስዎ ፈጥረዋት እንዳይሆን?» አልኩ።

ሻይ ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ከሁሉ በላይ የሳቅኩት እኔ ነኝ።

አያ ያርጋል ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው መልሰው አስጠጉ፤ ረህማን በራሳቸው ነቅነቅ አድርገው ተሰናበቱና ወጡ። ሻያቸው ግማሹ ብርጭቆው ውስጥ ቀርቶ ነበር።

በማግሥቱ አልመጡም። ሻይ ቤቱ ሰላም ሆነ፤ እፎይ አልን። በሳምንቱም አልመጡም። በሦስተኛው ሳምንት ነገሩ ገባን። ስለ ማዳበሪያ የተጀመረ ወሬ ስለ ማዳበሪያ ሆኖ ያልቃል። ጥርሱን የታመመ ሰው ጥርሱን ይዞ ብቻ ይቀመጣል። አንድ ጠዋት ሰባት ሰዎች ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስለ ሲሚንቶ ዓይነት ሲያወሩ ረህማ ማንቆርቆሪያውን ጠረጴዛዬ ላይ ጓ አድርጋ አስቀመጠችው።

«ይኼ ሻይ ቤት ነው ወይስ የወረዳ ስብሰባ?»

«እኔ ምን አደረግኩ?»

«ያባረርካቸው አንተ ነህ፤ አንተው መልሳቸው። ኮምፒውተር አለህ አይደል? ሴትዮዋን ፈልጋት።»

«ከሌለችስ?»

«ከሌለች አንተም ሌላ ሻይ ቤት ፈልግ።»

ኢንተርኔቱ ተመልሶ በመጣ ቀን ፈለግኳት። አለች። አጭር ገጽ፣ አንዲት ትንሽ ፎቶግራፍ። የተወለደችበት የባሕር ዳርቻ አለ። አሥራ አንድ ዓመት መሸታ ቤቱ አለ፤ ቃጠሎውም። የጠፋ ባሏን በተራራ የምትፈልገው ሴትም አለች። አያ ያርጋል ከነገሩን ውስጥ ያልተጻፉት በጓና እህቶቿ ብቻ ናቸው። የመጨረሻው ሥራዋ ግን የዛሬ ስድስት ዓመት የተሠራ ነው። ከዚያ በታች ባዶ ነበር። ያንን ባዶ ቦታ ሳየው፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ የግማሿ ብርጭቆ ሻይ ትዝ አለችኝ።

የወኪሏን አድራሻ አገኘሁና ደብዳቤ ጻፍኩ። እንግሊዝኛዬ የማመልከቻ እንግሊዝኛ ነው፤ ሌላ አልተማርኩም። ስለዚህ «ጉዳዩ፦ አያ ያርጋልን ማወቅዎን እንዲያረጋግጡልን ስለመጠየቅ» ብዬ ጀመርኩ። «ከላይ በርእሱ እንደተጠቀሰው» ብዬ ቀጠልኩ። በደባርቅ ከተማ ሥራዎን በየቀኑ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ የሚከታተል ሕዝብ መኖሩን ገለጽኩ። ከታች «ግልባጭ፦ ለወይዘሮ ረህማ ሻይ ቤት» አልኩበት። የፎቶ ኮፒ ቤቴን ክብ ማኅተም መታሁበትና ስካን አድርጌ ላክሁት።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን መልስ መጣ። የላከችው ራሷ ናት። አትሜው ቀጥታ ወደ አያ ያርጋል ቤት ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የተቀደደ ኮርቻ በወስፌ ይሰፋሉ። ሰላምታዬን ተቀበሉ፤ ቀና ግን አላሉም። ቆሜ እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው።

«ውድ ሚናስ፣ ማኅተሙን ሳይ ፍርድ ቤት የተጠራሁ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። ወኪሌ ከተወኝ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ደብዳቤህን ያስተላለፈችልኝ አንዲት ደግ ጸሐፊ ናት። ያርጋልን አልረሳሁም።»

ወስፌው ቆመ።

«ዘጠኝ ቀን ሙሉ የሱን ጀርባ ብቻ እያየሁ ነው ያንን ገደል የተሻገርኩት። ከፍርሃት የተነሣ አብጄ እዘፍን ነበር፤ ሌሎቹ ሁሉ ይስቁብኝ ነበር። እሱ አንድ ቀን እንኳ አልሳቀብኝም።»

ገጹን ገለበጥኩ። ከዚያ ቀጠልኩ።

«ስለ ሥራዬ የጻፍከው ግን ስሕተት ያለበት ይመስለኛል። ትወና ትቻለሁ። ድራማው ላይ ከሞትኩ ወዲህ የሚጠራኝ እየጠፋ ሄደ፤ አሁን የአበባ ችግኝ መሸጫ ውስጥ ነው የምሠራው። መንገድ ላይ የሚያውቀኝ ሰው የለም። ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴት ፍጥጥ ብላ ስታየኝ ደስ ብሎኝ ፈገግ አልኩላት፤ ለካ ሹራቤን ገልብጬ ነው የለበስኩት።»

አያ ያርጋል ኮርቻውን አስቀምጠው ተነሡ። የሚደሰቱ መስሎኝ ነበር። ጭራሽ ተቆጡ።

«ምን አደረግኩ ነው ያለችው?»

«ትወና ትቻለሁ።»

«ማን ፈቅዶላት?»

«አያ፣ የራሷ ሥራ እኮ ነው…»

«የራሷ?» አሉ፣ ወስፌውን ወደኔ ቀስረው። «አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ እዚህ ማን ነው የያዘላት?»

ወረቀቱን አጣጠፍኩ። «አያ፣ ያን ዕለት ስለሳቅኩ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ።

«እሱን ኋላ እናየዋለን። አሁን ደውልላት።»

ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ከገበያ መልስ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቴ ውስጥ ሰው መቆሚያ አጣ። ረህማ ሻይ ቤቷን ዘግታ መጣች። መርጌታ ብቸኛዋ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ፍቅረ ሥላሴ ለማስተርጎም ቆሟል፤ ካሳ ለመክፈል የመጣ ይመስል አንገቱን ደፍቷል። ስልኩ ጮኸ፤ ምስሉ ተቆራረጠ፤ ከዚያ ብቅ አለች። ጠጉሯ ሸብቷል። ሽርጥ ለብሳለች፤ ከኋላዋ የአበባ ችግኝ በየዓይነቱ ተደርድሯል።

«ያርጋል!» አለች።

አያ ያርጋል የአገራቸውን ወግ አላጓደሉም። «እንደምን ሰነበትሽ? ደኅና ነሽ? እህቶችሽ ደኅና? ከብቱ ደኅና? ዝናቡ እንዴት ነው?»

ፍቅረ ሥላሴ አንድ ሳያስቀር ተረጎመ። «ከብት የለኝም ትላለች። ዝናቡ ግን በጣም ደኅና ነው።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አሁን ስሚኝ» አሉና ጀመሩ። ከበጓ ጀመሩ። በጓን፣ ቤተ ክርስቲያን አዳራሹን፣ ጭብጨባውን። ከዚያ በአሥራ ስምንት ዓመቷ በአውቶቡስ ወደ ዋናው ከተማ መሄዷን።

«በባቡር ነው» አለች ረህማ ከኋላ።

«ምን?»

«በባቡር ነው የሄደችው። አውቶቡሱ አመለጣት። እርስዎ ነዎት የነገሩን።»

«ልክ ነሽ፣ በባቡር።» ቀጠሉ። መጀመሪያ የተሰጣት ሥራ በር ከፍታ «ራት ቀርቧል» ማለት ብቻ እንደነበረ፣ የመጀመሪያው ዕለት ደንግጣ «በር ቀርቧል» እንዳለች። መሸታ ቤቱ ጋ ሲደርሱ መርጌታ ጣታቸውን አነሡ። «የሚቀዳው ውሃ ነው» ብለው ለሕዝቡ አስረዱ፤ ያ ሁሉ ክርክር እንዳልነበረ።

ዙሪያዬን አየሁ። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ሰው ሁሉ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ነው። «የለችም» የሚለው ወገን ሳይቀር ታሪኩን በቃሉ ያውቀዋል። እኔም ሳላስበው «ቀጥሎ የመነኩሲቷ ፊልም ነው» ብዬ ሹክ አልኩ።

ኑላ ታዳምጣለች። መጀመሪያ ስትስቅ ነበር፤ ከዚያ ዐይኗን በሽርጧ ጠረገች። በመጨረሻ አንድ ነገር ተናገረች።

«እህቶቼ ስድስት ናቸው ትላለች» አለ ፍቅረ ሥላሴ።

አያ ያርጋል ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሰባት ናቸው።»

«አያ፣ የራሷ እህቶች እኮ ናቸው።»

«ጨነቅ ላይ ሰባት ብላኛለች። ደኅና አድርጋ ትቁጠር።»

ተነገራት። ኑላ በጣቶቿ መቁጠር ጀመረች፤ ሁላችንም ጠበቅናት። ስድስተኛው ጣት ላይ ቆመች፤ አሰበች፤ ከዚያ እጇን ወደ ላይ አነሣች። «ራሴንም ጨምሬ ይሆናል፤ እሺ፣ ሰባት ይሁኑ ትላለች።»

«ይኸው» አሉ አያ ያርጋል። ድምፃቸው ግን ወዲያው ለዘብ አለ። ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። «ኑላ፣ ልጄ፣ ይህ ሕዝብ አንቺን ሲሰማ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። ነገ ጠዋት ከዚያስ ምን ሠራች ብሎ ይጠይቀኛል። ችግኝ መልካም ነው፣ እኔም እተክላለሁ። ግን ከችግኙ ቀጥሎ ምን ልበል? እኔ ባዶውን አልሞላም፤ ውሸት አልችልበትም።»

ይህን ሲሉ ማንም አልሳቀም።

«ሂጂና ሥራ ጠይቂ» አሉ። «ትንሽም ትሁን። በር ቀርቧልም ብትሆን።»

ፍቅረ ሥላሴ ተረጎመ። ኑላ ሽርጧን ፈትታ ከኋላዋ ጣለችው። ከዚያ አንድ ቃል ብቻ ተናገረች፤ እሱን ያለ አስተርጓሚ ሰማነው። «እሺ» አለች፤ በአማርኛ።

አያ ያርጋል በማግሥቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ወንበራቸው ላይ ተገኙ። እኔን ከሰላሳ ቀን በኋላ ይቅር አሉኝ፤ በየቀኑ ከማንም በፊት መጥቼ እንድሰማ ፈርደውብኝ።

ከሁለት ወር በኋላ መልእክት ደረሰኝ። «ጠየቅኩ። ሰጡኝ። ትንሽ ናት» ይላል። ከሥሩ ቪዲዮ ተያይዟል። ኢንተርኔታችን እሱን ለማውረድ አንድ ቀን ተኩል ፈጀበት። ኮምፒውተሬን ተሸክሜ ረህማ ሻይ ቤት ወሰድኩት። ሰው ተሰበሰበ፤ ልጆች እንዳይጮኹ ታዘዙ፤ አያ ያርጋል ከፊት ተቀመጡ። ተከፈተ።

አውቶቡስ ፌርማታ ነው። ዝናብ ይዘንባል። አንድ ጠጉሩ ያማረ ወጣት ተዋናይ ስልክ እያወራ ያለቅሳል፤ ፍቅረኛው ጥላው የሄደች ትመስላለች። ከጀርባው አንዲት ሴት ቦርሳ ይዛ ቆማለች። ኑላ ናት። አንዲት ቃል የላትም። አሥራ አንድ ሴኮንድ ቆየችና አለቀ። ከአሥራ አንዱ ሰባቱን የወጣቱ ራስ ከልሏታል።

የአያ ያርጋልን ፊት ለማየት ፈራሁ። አንድ ሰው ሊስቅ ነው፣ ደግሞ ሊስቁባቸው ነው ብዬ ቪዲዮውን ልዘጋው እጄን ዘረጋሁ።

«አንተ ሰውዬ!» ብላ ጮኸች ረህማ ወደ ስክሪኑ። «ዞር በልላት እንጂ!»

«ምን ያነፋርቀዋል?» አሉ መርጌታ ተቆጥተው። «ከኋላው ሰው መቆሙን አያይም? ነውር አያውቅም?»

«ድገመው» አሉኝ አያ ያርጋል። ደገምኩት። በጣታቸው ስክሪኑን ሊነኩ ምንም አልቀራቸው። «አያችሁ አውቶቡሱን እንዴት እንደምትጠብቀው? ሌላ ተዋናይ ብትሆን ዝም ብላ ነው የምትቆመው። እሷ ግን እየጠበቀች ነው። እዩ ዐይኗን። አውቶቡሱ ሊመጣ ነው።»

እውነታቸውን ነው። አውቶቡሱ ሊመጣ ነበር። ሁላችንም ወደ መንገዱ አየን።

አሥራ አራት ጊዜ አየነው። ከአምስተኛው ጀምሮ ሻይ ቤቱ በሙሉ፣ መርጌታ ሳይቀሩ፣ የዚያን ወጣት ራስ አልፎ ለማየት አንገቱን ወደ ግራ አዘንብሎ ነበር። በመጨረሻ አያ ያርጋል ተነሡና «ይብቃ እንግዲህ» አሉ። «ትረፍ። ዝናብ ላይ ነው ያቆምናት።»

ሰው መነሣት ጀመረ። እኔ ግን አንገቴ ወደ ግራ እንደተጣመመ ቀርቻለሁ።

«አንዴ ብቻ ይደገም አያ፣ በሞቴ» አልኳቸው። «ራሱን አልፌ ላያት ትንሽ ነው የቀረኝ።»